የጌዶ ጥዶችና አንዲት ገጽ

ባለፈው ጥር ለልጅ ልጆቼ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ ብዬ አምቦ፣ ከመናኸሪያው ኋላ ወዳለው እንጨት መሰንጠቂያ ጎራ አልኩ። መጋዙ ገና መቆሙ ነበር፤ ብናኙ አልሰከነም። የፈረንጅ ጥድ ሲሰነጠቅ የሚሸተውን ሽታ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሙጫና የሎሚ ልጣጭ አንድ ላይ የታሹ ይመስላል። እኔ ያንን ሽታ አሥራ ምናምን ዓመት በልብሴ ይዤው ኖሬያለሁና አፍንጫዬ ሲያገኘው እግሬ ቆመ። በር ላይ ከተጋደሙት ግንዶች ወደ አንዱ ጎንበስ ብዬ የተቆረጠውን ፊቱን ማየት ጀመርኩ። ባለቤቱ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ መጣ።

«እማማ፣ ብል አዩበት እንዴ?»

«የለም፣ ልጅነቱን እያየሁ ነው» አልኩት። «ይኸውልህ፣ መሀሉ ላይ ቀለበቶቹ እንደ ፀጉር ቀጥነው ተጣብቀዋል። ችግኝ ሳለ ቁጥቋጦ ውጦት ነበር ማለት ነው። ከዚህ ወዲህ ግን ራሱን አወጣ፤ ቀለበቱም ሰፋ።»

«እኛ የምናየው ቀጥ ማለቱን ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ። ግንዱ ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «ከጌዶ ማዶ» አለኝ። መደርደሪያውን አዝዤ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሐሳቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ሲመሽም አልተወኝ። ልጄ «ምን ሆነሻል?» ብትለኝ «ጌዶ ሄጄ ነበር» አልኳት።

ጌዶ የተመደብኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አምቦ ተወልጄ፣ አምቦ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የጥቂት ወራት የደን ሥልጠና ወስጄ ነበር። ሥራ የተባለ ነገር ካገኘሁ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። እናቴ ብቻዋን ነበረች፤ የታናናሾቼ ደብተርና ጫማም ከእኔ ይጠበቅ ነበር። አውቶቡሱ ጉደር ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲያያዘው መስኮቱ በጉም ይሸፈን ነበር። ከአምቦው ሙቀት ወጥቶ ጌዶ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ነገር አንገቱን መሸፈን ነው። የነቀምት አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙት እዚያ ነበርና ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ምግብ ቤቶች በዚያች ሰዓት ይጯጯሃሉ፤ አውቶቡሶቹ ሲሄዱ ከተማው ጭር ይላል። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር። በወር ስምንት ብር የተከራየኋት ክፍል የጭቃ ግድግዳዋ በጋዜጣ ተለብዶ፣ የምተኛበት ራስጌ በኩል ያለው ጋዜጣ ስለ ስንዴ ምርት የሚያወራ ነበር። ሦስት ዓመት አነበብኩት። አከራዬ ሬዲዮኗን በመስኮት በኩል ወደ መንገዱ አዙራ ትከፍተዋለች፤ ከሰልፍ መዝሙሮቹ መካከል አንዳንዴ የትዝታ ዘፈን ሲመጣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ እግሩን ከመርገጫው ላይ አንሥቶ ያዳምጣል።

ያኔ በአካባቢው ሱሪ የምትለብስ ሴት አልነበረችም። እኔ ካኪ ሱሪ፣ ቦቲ ጫማ፣ በላዩ ላይ የእናቴን ሹራብ አድርጌ ተራራ ስወጣ ሰው ከማሳው ቀና ይል ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ «ኢንተላ ቦሶና» የሚል ስም ወጣልኝ፤ የጫካዋ ልጅ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ጌዶ ገበያ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠሩኝ ጥቂት ሰዎች አሉ።

የሥራዬን ነገር ላስረዳ። ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ለጥድ ተከላ ተከልሎ ነበር። ችግኙን መትከል ቀላል ነው፤ ችግሩ ከተተከለ በኋላ ነው። ክትክታው፣ ቀጋው፣ አጋሙ፣ እንጆሪው ከክረምት በኋላ እንደ ጎርፍ ይነሣና የስንዝር ችግኝ ይውጣል። ይህን ቁጥቋጦ በምን ዘዴ ብንይዘው ጥዱ ያድጋል የሚለውን ለማወቅ አቶ ሳህሌ የሚባሉ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥተው በአንድ ተዳፋት ላይ አራት የሙከራ ማሳ ዘረጉ። በአንደኛው ቁጥቋጦው በገጀራ ይመነጠራል። በሁለተኛው በየችግኙ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል በመቆፈሪያ ይኮተኮታል። በሦስተኛው ፀረ አረም መድኃኒት ይረጫል። አራተኛው እንዲሁ ይተዋል፤ ማንም አይነካውም። በአራቱም ላይ የፈረንጅ ጥድ ተተከለ፤ በየማሳው ዳርም አንዳንድ ረድፍ የሐበሻ ጥድ ጨመሩበት።

አቶ ሳህሌ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ስለማይሰማ ጠጋ ማለት ነበረብኝ። ምልክት የተቀባበት ቀጥ ያለ በትር ሰጡኝና የችግኝ ቁመት እንዴት እንደሚለካ፣ የግንዱ ውፍረት ከየት ላይ እንደሚያዝ፣ የቅጠሉ ቀለም እንዴት እንደሚመዘገብ አሳዩኝ። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብም ሰጡኝ። «አስቴር፣ እዚህ ላይ የምትጽፊው ያየሽውን ነው፤ ማየት የፈለግሽውን አይደለም» አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዱ። ደብዳቤ እጽፋለሁ ብለው ነበር። መዝገቡና ተራራው ለእኔ ቀሩ።

የሙከራ ማሳዎቹ ዘበኛ ኦቦ ቶለሳ ነበሩ። ተራራው ከመከለሉ በፊት የእሳቸውና የወንድሞቻቸው ግጦሽ ነበር። ከተከለለ በኋላ ከብቶቻቸውን አሳንሰው በዘበኝነት ተቀጠሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የጎበጠ፣ ባርኔጣቸውን ለማንም ሴት ሰላምታ የሚያነሡ ሰው ነበሩ። ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው በዚያ ጊዜ ታሽጎ ስለነበር መዝሙሩን ተራራ ላይ ነበር የሚያንጎራጉሩት፣ ያውም ከንፈራቸው ሳይከፈት። ባለቤታቸው አዴ ወርቂቱ ደግሞ ሁለተኛውን ማሳ ከሚኮተኩቱት ሴቶች መካከል ነበረች። ለኩትኳቶው ስንዴና ዘይት ይሰጥ ስለነበር ብዙ ቤት ከዚያ ነበር የሚበላው። አዴ ወርቂቱ ድምፀ ትልቅ ነች፤ ከማሳው አንድ ጫፍ ሆና ሌላኛው ጫፍ ያለችውን ታስቃለች። የቤቷን ሥራ ጨርሳ፣ ልጇን አዝላ፣ ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። አማርኛዋ ከኦሮምኛዋ ጋር እየተቀላቀለ ነበር የሚወጣው፤ የኔም ኦሮምኛ ከአማርኛዬ ጋር፤ ስንነጋገር ሁለታችንም መሀል ላይ እንገናኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤት አጠያያቂ አልነበረም። የተረጨው ማሳ አሸነፈ። ቁጥቋጦው ከሥሩ ደርቆ፣ መሬቱ እንደ ተጠረገ ግቢ ንጹሕ ሆኖ፣ ጥዶቹ ጉልበት ላይ ደረሱ። የተኮተኮተው ከእሱ ጥቂት ዝቅ ይል ነበር። የተመነጠረው አሳዘነኝ፤ ክትክታ አንዱን ግንድ ሲቆርጡት አምስት ሆኖ ነው የሚነሣው፣ ገጀራውም አንዳንዴ ችግኙን አብሮ ይቀነጥሰዋል። የተተወው ማሳ ውስጥ ጥዶቹን ለማግኘት በእጄና በእግሬ እድህ ነበር፤ ቀጭን፣ ቢጫ፣ ብርሃን የሚለምኑ ነገሮች። «እነዚህ አይተርፉም» ብዬ ጽፌያለሁ። ያ እንኳ ያየሁት ሳይሆን የገመትኩት ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ፣ ያኔ ጓድ ዘለቀ የምንላቸው፣ በተረጨው ማሳ ተደሰቱ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ይወስዱታል፤ ፎቶግራፍ ይነሡበታል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወባ የያዘው ሠራተኛ ሲኖር በራሳቸው መኪና ወደ አምቦ ሆስፒታል ያመላልሱ ነበር። ግን ቃል ገቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተራራው በሙሉ በመድኃኒት እንደሚያዝ፣ ኩትኳቶ እንደሚቀር ለበላዮቻቸው ጻፉ። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ አዴ ወርቂቱ መቆፈሪያዋን ተደግፋ «አስቴር ኮ፣ ዘንድሮ መድኃኒት ይጠጣል ማለት ነው? ስንዴውንስ ማን ይሰጠናል?» አለችኝ፤ «ኮ» ስትል «የኔ» ማለቷ ነው። ባሎቻቸው በሚያዝሉት መርጫ ውስጥ መድኃኒቱን ለክቼ የምጨምረው እኔው ነበርኩ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ከባድ ሆነ። ከተረጨው ማሳ ላይ አፈሩን የሚይዝ ሥር አልነበረምና ጎርፉ ጠርጎት ወረደ። ጥቅምት ላይ ስለካ የጥዶቹ ሥር እንደ ጣት ተጋልጦ፣ ጫፋቸው መገርጣት ጀምሮ ነበር። እንዳየሁት ጻፍኩ፤ «ሥር ተጋልጧል፤ ጫፉ ቢጫ።» ከዚያ በኅዳር ማብቂያ ውርጭ ወረደ። ጌዶ ላይ ውርጭ አዲስ አይደለም፤ ያን ዓመት ግን ሰባት ስምንት ቀን ሳያቋርጥ ጠዋት ጠዋት መሬቱ ነጭ ሆኖ ይገኝ ነበር። በቁጥቋጦ መሀል የተደበቁት ጥዶች አልተነኩም። በተኮተኮተውም ማሳ፣ በየችግኙ መካከል የቀረው ቁጥቋጦ መጠለያ ሆነው። የተረጨው ማሳ ግን ራቁቱን ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው እንደ ዝገት ቀላ። የተረፉትንም ድኩላ መጥቶ ቀነጠሳቸው፤ በማሳው ላይ ከእነሱ ሌላ የሚቀነጠስ ነገር አልነበረም።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጎብኚዎች ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ያኔ አንድ ነገር ሲበላሽ በራሱ ተበላሸ ተብሎ አይታመንም። «አሻጥር» የሚል ቃል ነበር፤ ሰው ቃሏን ሲሰማ ድምፁን ይቀንሳል። ማሳው የተበላሸው ዘበኛው ከብት ስላስገባ ነው፣ ግጦሹን ለማስመለስ ነው የሚል ወሬ ከየት እንደተነሣ አላውቅም። ወሬው በተነሣ በሦስተኛው ቀን ኦቦ ቶለሳን ከተራራው አውርደው ከተማ ውስጥ እስር ቤት ባደረጉት አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቧቸው። ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴም ተሰየመ።

ጓድ ዘለቀ ቢሯቸው ጠሩኝ። መዝገቤ ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቶ ነበር።

«አስቴር፣ የጥቅምቷን ገጽ እንደገና ጻፊልኝ» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«በጥቅምት ችግኙ ደህና ነበር በይ። አረንጓዴ አልነበረም እንዴ?»

«ጫፉ ቢጫ ነበር። ሥሩም ወጥቶ ነበር።»

ተነሥተው በሩን ዘጉት። «ስሚኝ። ይሄ ነገር ወይ መድኃኒቱ ነው፣ ወይ ሰው ነው። መድኃኒቱ ከሆነ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለክቶ ያስረጨውስ ማነው?»

ዓይኔን ወደ ተከፈተው መዝገብ መለስኩ።

«እናትሽ ብቻዋን አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። በማስፈራራት አልነበረም፤ እሳቸውም ፈርተው ነበር። ይህን የምለው እሳቸውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። የጻፍኩት እኔ ነኝና። ባዶ ወረቀት ሰጡኝ፤ በራሴ እጅ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ «በጥቅምት ችግኞቹ አረንጓዴና ጤናማ ነበሩ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። መዝገቡን ግን ክፍሌ ይዤ ሄድኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ገጹ በስብሰባ ላይ ተነበበ። ኦቦ ቶለሳ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ስሜ ሲጠራ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት፣ ቀና አላሉም። ወደ መጋዘኑ መለሷቸው። ለሦስት ሳምንት ያህል ተራራ ስወጣና ስወርድ በመጋዘኑ መንገድ ላለማለፍ በገበያው በኩል እዞር ነበር። አከራዬ ያቀረበችልኝ ምግብ ሳይነካ ስታገኘው «ታመሻል እንዴ?» ትለኛለች። ሥራዬን አልተውኩም፤ አሁን ሳስበው ይህ ነው የሚገርመኝ። በትሬን ይዤ እየሄድኩ፣ ሌሎቹን ሦስት ማሳዎች በጥንቃቄ እለካ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዴን ባዞርም አዴ ወርቂቱ ገበያው መውጫ ላይ ያዘችኝ። ልጇ ጀርባዋ ላይ ነው፤ በእጇ ለባሏ የምትወስደው ምግብ በጨርቅ ታስሯል። ከስታለች። አቀፈችኝ።

«አስቴር ኮ፣ አንቺ የጻፍሽው ወረቀት አለ አሉኝ» አለች። «ቶለሳን የሚያስፈታ ነው አይደል? አንቺ እኮ ዛፉን ሁሉ ታውቂዋለሽ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ኢንተላ ኮ።»

አንገቷ ላይ እንደተጠመጠምኩ ቀረሁ። ምንም አላልኳትም። እሷ ወደ መጋዘኑ፣ እኔ ወደ ክፍሌ ሄድን። መዝገቡን አወጣሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አስተማሪ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ሄጄ ክፍል እስኪለቁ በር ላይ ቆምኩ። የጥቅምቷን እውነተኛ ገጽ ከፍቼ፣ ከሥሯም ከመስከረም ጀምሮ ያለውን አሳየኋቸው። የመጀመሪያውን ወረቀት ተሳስቼ ነው የጻፍኩት አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ተሳስተሽ» አሉ። ከዚያ መዝገቡን ኪሳቸው ሊያስገቡ የፈለጉ ያህል በእጃቸው መዘኑትና መለሱልኝ። «ገጿን ገልብጠሽ፣ ፈርመሽ ስጪኝ። መዝገቡን ደብቂው። ሂጂ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ኦቦ ቶለሳ ተፈቱ። ምክንያቱን ማንም አላስረዳቸውም። ማሳው በውርጭ ተመታ ተብሎ ተጻፈ። ወር ሳይሞላ እኔ ወደ ጉደር ችግኝ ጣቢያ ተዛወርኩ። ደረጃዬ ዝቅ ብሎ፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር ላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላት ሆነ ሥራዬ። አላዘንኩም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ብዙም አላዘንኩም። ጉደር ሞቃት ነው፣ ለአምቦ ቅርብ ነው፤ እሑድ እሑድ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ፍልውሃው እንዋኛለን። እዚያው ጉደር አገባሁ፣ ልጄንም ወለድኩ። ጥቁሩን መዝገብ በሳጥን ውስጥ፣ ከክርስትና ልብሷ ሥር አስቀመጥኩት። በዓመት አንዴ ፈቃድ ወስጄ ጌዶ እሄድና ማሳዎቹን እለካ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ባሌ «ይሄ ተራራ ዘመድሽ ነው?» እያለ ይስቅብኛል።

እንግዲህ በየዓመቱ ለፋሲካ ሰሞን አንድ ነገር ይደርሰኝ ነበር። ከጌዶ ገበያ የሚመጣ አንድ ሰው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዞልኝ ይመጣል። «አዴ ወርቂቱ ልካልሻለች፤ ለወረቀቱ ነው ብላለች» ይለኛል። የመጀመሪያውን ዓመት ልመልሰው ፈለግኩ፤ ምን ብዬ እንደምመልሰው ጠፋኝ። ተቀበልኩ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ተራራው ላይ ስሄድ ኦቦ ቶለሳን አገኛቸዋለሁ፤ ወደ ዘበኝነታቸው ተመልሰዋል፣ በመጋዘኑ እርጥበት አንድ ጉልበታቸው ስለታመመ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሰላም ይሉኛል። ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አላወሩኝም፤ እኔም አላወራሁም። አሥር ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነን ቆየን።

ጥዶቹስ? ማሳዎቹ በየዓመቱ ሌላ ነገር ይነግሩኝ ነበር። በስድስተኛው ሰባተኛው ዓመት አካባቢ የተኮተኮተው ማሳ ሁሉንም ቀደመ፤ ቅርንጫፎቹ ተገናኝተው ከሥራቸው ጨለማ ስለሆነ ቁጥቋጦ የሚባል ነገር ራሱ ጠፋ፣ መኮትኮትም አላስፈለገም። የተመነጠረው ውስጥ ዛፎቹ ኖሩ፣ ግን ግማሾቹ ሁለት ራስ አወጡ፤ በልጅነታቸው በገጀራ የተቀነጠሱት ናቸው። የተረጨው ማሳ ላይ ሙጃ ሣር ወረሰው፤ ከውርጩ የተረፉት ጥቂት ጥዶች ብቻቸውን ቆመው ወፍራምና ቅርንጫፋም ሆኑ፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፣ ለእንጨት ግን አይረቡም። ያስገረመኝ የተተወው ነው። አይተርፉም ያልኳቸው ቢጫዎቹ ቀጫጮች ከክትክታው በታች ዓመት ቆጥረው ቆጥረው፣ አንድ ዓመት ራሳቸውን ከቁጥቋጦው በላይ አወጡ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ከተኮተኮቱት ያንሳሉ፣ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የሞቱት። የሐበሻ ጥዶቹማ፣ አዴ ወርቂቱ «ጋቲራ» የምትላቸው፣ ከዚያ ማሳ በተሻለ የትም አልበቀሉም። በሁለት ዓመቱ ቢለካ ኖሮ አንድ እውነት ነበር፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሌላ።

መንግሥት እንደገና በተለወጠበት ግንቦት ነገሩ ሁሉ ባለቤት አጣ። ቢሮዎች ተዘጉ፣ ደመወዝ ቆመ። ሰው ተራራው ላይ በመጥረቢያ ወጣ፤ አንዳንዱ ቤቱ ፈርሶበት፣ አንዳንዱ የድሮ ግጦሹን ሊያስመልስ፣ አንዳንዱ ሌላው ስለወሰደ። መንገዱ ሲረጋጋ፣ ነሐሴ ላይ፣ መዝገቡን ይዤ ጌዶ ሄድኩ። ግንዱ እንደ ተማገደ እንጨት ተበታትኗል። የተመነጠረው ማሳ ሙሉ በሙሉ ወድቋል። ኦቦ ቶለሳ በተተወው ማሳ ዳር በከዘራቸው ተደግፈው ቆመው፣ ልጆቻቸውና ወንድሞቻቸው መጥረቢያ ይዘው ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

«መጣሽ፣ ኢንተላ ቦሶና» አሉኝ። «እኔ ለቤት የሚሆን ያህል እቆርጣለሁ፤ ሁሉንም አልቆርጥም። የትኛው ይቁም? አንቺ ነሽ የለካሽው።»

መዝገቡን ከፍቼ አሳየኋቸው። የተኮተኮተውን እያሳሳችሁ ቁረጡ፣ ውፍረቱ ደርሷል አልኳቸው። ይሄኛው ግን ገና ዕድገቱ እየጀመረ ነው፣ ተዉት አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ለልጆቻቸው በኦሮምኛ ነገሯቸው፤ እነሱም መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወረዱ። ሁለታችን ቀረን። ያኔ ነው የተናገርኩት።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ገጽ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ውሸት ነበረች።»

«ሲነበብ እዚያው ነበርኩ እኮ» አሉ።

«አዴ ወርቂቱ ግን ቅቤ ትልክልኛለች።»

«እሷ አታውቅም። አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ብነግራት ቢሯችሁ መጥታ ትጮህ ነበር፤ እሷንም ያስሯታል። በኋላ ደግሞ…» ከዘራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩት። «በኋላማ መንገሩ ያንቺ ነው ብዬ ተውኩት። ታች ማሳ ላይ ናት። ሂጂና ንገሪያት።»

ወረድኩ። አዴ ወርቂቱ ጤፍ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ታርም ነበር። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልታቅፈኝ ተነሣች። ቆሚ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የመጀመሪያዋን ገጽ፣ በገበያው በኩል የዞርኩበትን ሦስት ሳምንት፣ ያን ቀን ስታቅፈኝ ዝም ማለቴን፤ ሁለተኛዋን ገጽ መጨረሻ ላይ ነገርኳት፣ ማካካሻ እንዳይመስልብኝ ፈጠን ብዬ። የያዘችውን አረም ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ቅቤውን በልተሻል?» አለችኝ።

«በልቻለሁ።»

«ያን ዓመት ጤፋችን ደርሶ ነበር» አለች። «ቶለሳ እዚያ፣ እኔ ልጄን አዝዬ ብቻዬን አጨድኩ። ግማሹን አልደረስኩበትም። ቆሞ ረገፈ። ወፍ በላው። እኔ ግን ለአንቺ እጸልይ ነበር።» ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ማሳውን በዓይኗ ዞረችው። ዝናብ የጠገበ፣ አረሙ ከጤፉ እኩል የሆነ ትልቅ ማሳ ነበር። «ነገ ማለዳ እዚህ ነን» አለች። «አረም አለ። ነይ።»

ያን ቀን ጌዶ አደርኩ፤ ለባሌ መልእክት ላክሁ። በማግሥቱ ማለዳ ጫማዬን አውልቄ ማሳው ውስጥ ገባሁ። የጤፍ አረም የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ጤፉና አረሙ ሣር ለሣር ናቸው፣ ጣትሽ መለየት እስኪለምድ ወገብሽ ያልቃል። ሴቶቹ እየሳቁ እየዘፈኑ ያርማሉ፤ አሁን መዝሙሩን ጮክ ብለው ነበር የሚዘምሩት። እኔን ማንም አላናገረኝም፣ አዴ ወርቂቱም። ምሳ ሲመጣ ግን ድርሻዬ እኩል ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ መዳፌ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ የመጨረሻዋን ጥግ ስጨርስ ከኋላዬ መጣች። ያረምኩትን ጎንበስ ብላ አየችው፣ የሳትኳቸውን ሁለት ሥሮች ነቀለች፣ ከጀርባዋ ወረወረቻቸው።

«ገአ» አለች። «ይበቃል። ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች።»

በዚያ ፋሲካ ከጌዶ ምንም አልመጣልኝም። ደህና ነው፣ እንዲያ ይሁን ብዬ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን ከገበያ የተመለሰ አንድ የማውቀው ነጋዴ ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ።

«አዴ ወርቂቱ ሰኞ አረም ነው ብላለች» አለኝ። «ሌላ ነገር አላለችም።»

ሄድኩ። በሚቀጥለውም ነሐሴ ሄድኩ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ በየዓመቱ ሄጃለሁ።